ሀፍ ላይፍን ለምታወዳድሩ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ሀፍ ላይፍ ስለሚባለው ባለ ብዙ ክፍል የኮምፒውተር ጌም ስትከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ «የመጀመሪያውን የሚያህል የለም» ይላል። ሌላው «ንጉሡ ሁለተኛው ነው» ይላል። ሦስተኛው አሊክስ የሚባለውን የኋለኛውን ክፍል በዩቲዩብ አይቶ ይመጣና ሁለቱንም ያጣጥላል። ክርክሩ ደስ ይለኛል። የሚቆጨኝ በግራፊክስ ተጀምሮ በግራፊክስ ማለቁ ነው።

እኔ አርክቴክት ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ቤት ስነድፍ ነው ያረጀሁት። ሰው አንድ ሕንፃ ውስጥ ሲገባ ማንም ሳይነግረው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የት እንደሚቆም፣ የት ላይ እንደሚፈራ የሚወስኑለት ግድግዳው፣ ብርሃኑና በሩ ናቸው። እነዚህ ጌሞች ታሪካቸውን የሚናገሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን ስታወዳድሩ «የቱ ይበልጣል?» ከማለታችሁ በፊት «ይሄኛው ታሪኩን በምን ነገረኝ? ለዚያ ሲል ምን ተወ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልላችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ሀፍ ላይፍ በ1998 ወጣ። የሠራው ቫልቭ ነው፤ ከማይክሮሶፍት የወጡ ሁለት ሰዎች በ1996 ያቋቋሙት የአሜሪካ ኩባንያ። ሁለተኛው በ2004 መጣ። የሁለተኛውን ታሪክ የሚቀጥሉት አጫጭር ክፍሎች፣ ኤፒሶድ አንድ በ2006፣ ኤፒሶድ ሁለት በ2007 ተከተሉ። ከዚያ ብዙ ዓመት ዝም ተባለና በ2020 አሊክስ ወጣ። ባለታሪኩ ጎርደን ፍሪማን የፊዚክስ ሰው ነው። ብላክ ሜሳ በሚባል፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ባለ የምርምር ተቋም ይሠራል። አንድ ሙከራ ይበላሽና ከሌላ ዓለም ፍጥረታት ይጎርፋሉ። ካውንተር ስትራይክ የምትጫወቱትም ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደላችሁም። ካውንተር ስትራይክ በ1999 ሲጀመር በሀፍ ላይፍ ላይ የተሠራ ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ጌሙን ለውጠው የሠሩት ሌላ ጌም ነበር።

የመጀመሪያውን ስትከፍቱ ባቡር ውስጥ ናችሁ። ትንሽ ናት፣ ከላይ ከሐዲዱ የተንጠለጠለች። ለአምስት ደቂቃ ያህል የሚተኮስ ነገር የለም። የተቀዳ ድምፅ ሰዓቱንና የውጭውን ሙቀት ይናገራል። በመስኮት በኩል ግዙፍ በሮች፣ ዕቃ የሚያነሱ ማሽኖች፣ የተዘጋ በር የሚያንኳኳ ዘበኛ ታያላችሁ። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ይሰለቻል። እባካችሁ አትሰልቹ። ያ ጉዞ ቦታው ምን ያህል ሰፊና ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አንድም ማብራሪያ ሳይሰጥ ያሳያችኋል። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር መውጫው እየራቀ እንደሆነ ይሰማችኋል።

ከባቡሩ ወርዳችሁ በእንግዳ መቀበያው ታልፋላችሁ። ሰዎች ሰላም ይሏችኋል። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የአንድ ሰው ምሳ ያለበት ማይክሮዌቭ አለ፤ ደጋግማችሁ ከነካካችሁት ምሳው ይፈነዳል። ልብሳችሁን ለብሳችሁ ወደ ሙከራው ክፍል ትገባላችሁ። ሙከራው ይበላሻል። ከዚያ የምትመለሱት በዚያው በመጣችሁበት ኮሪደር ነው።

ዋናዋ ብልሃት ይቺ ናት። ኮሪደሩን ታውቁታላችሁ። መብራቱ ግን ይርገበገባል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ ቅድም ሥራቸውን ሲሠሩ ያያችኋቸው ሰዎች ወድቀዋል። ማንም «ጥፋት ደረሰ» አላላችሁም። ቅድም ያያችሁትና አሁን የምታዩት ተጋጭተው ራሳቸው ይናገራሉ። ጨዋታውን አቋርጦ የሚገባ ፊልም የለም፤ ካሜራውም ከጎርደን ዓይን ለቅጽበት አይወጣም። እሱ ራሱ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔ ሰውን በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በሙያዬ አውቀዋለሁ። በጌም ውስጥ ከዚህ በተሻለ የተሠራበት አላየሁም።

ይህ በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ቫልቮች ጌሙን በ1997 መገባደጃ ሊያወጡት አስበው ነበር። ሲያዩት አልጣማቸውም። ጥሩ ያሉትን ሁሉ ሰብስበው አንዲት ሌቭል፣ ማለትም አንድ የጌም ምዕራፍ ብቻ ሠሩ። ሰዉ በእሷ ሲደሰት ሌላውን ሁሉ በእሷ ልክ እንደገና ሠሩት። ሊያልቅ የተቃረበን ሥራ አፍርሶ መጀመር ምን እንደሚጠይቅ ሥራ ስትይዙ ታዩታላችሁ።

መጨረሻው ግን ይወርዳል። ዜን ወደሚባለው የባዕዳኑ ዓለም ስትሻገሩ ያ በደንብ የታሰበበት ቦታ ያልቅና በአየር ላይ በተንሳፈፉ ድንጋዮች መካከል መዝለል ይጀመራል። የጌሙ ወዳጆች ይህን በደንብ ያውቁታል። ብላክ ሜሳ በሚል ስም ጌሙን እንደ አዲስ የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ብዙ ዓመት ፈጅተው በ2020 ሙሉውን ሲያወጡ፣ ከሁሉ አስፍተው የሠሩት ዜንን ነው። በቅርብ ለማወዳደር ከፈለጋችሁ የሁለቱን ዜን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተጫወቱ። አንድ ሐሳብ በሁለት እጅ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሽት ይገባችኋል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። እዚህ ረዘም ብል አትፍረዱብኝ። እንደ ሕንፃ አንደኛው ይበልጥብኛል። ሁለተኛው ግን ከተማ ነው፤ ከተማ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

ጎርደን ሲቲ 17 በሚባል ከተማ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። ዓለም በባዕዳን ተይዛለች። የገዢዎቹ አፈ ቀላጤ ብሪን በትልቅ ስክሪን «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያለ ይሰብካል። ከስክሪኑ ሥር ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ትንሽ ራመድ ስትሉ አንድ ጭንብል ያጠለቀ ፖሊስ ባዶ ጣሳ በዱላው ገፍቶ ይጥልና «አንሳ» ይላችኋል። አንስታችሁ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ልትከቱት ትችላላችሁ። ፊቱ ላይ ልትወረውሩበትም ትችላላችሁ። ያቺ ጣሳ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ዕቃ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወረወር ታስተምራለች። በዚያ ከተማ ሰው እንዴት እየተዋረደ እንደሚኖርም ትነግራችኋለች። ሁለቱም በአንድ ጣሳ! ይህን ያሰበውን ሰው በጣም አከብረዋለሁ።

ሬቨንሆልም የሚባለውን ሰፈርም እዩ። ከዚያ በፊት ዕቃ የሚስብና የሚወረውር መሣሪያ ተሰጥቷችኋል። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ዞምቢና ግድግዳ ላይ የተሰካ የመጋዝ ምላጭ ታያላችሁ። ምላጩን ትስባላችሁ። ሌላ ዞምቢ ይመጣል። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የነገራችሁ የለም፤ ግን አውቃችሁታል። «ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚል ጽሑፍ ቢወጣ ኖሮ ፍርሃቱም ይጠፋ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ማማው አለ። ሲታደል ይባላል። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ገዝፎ ቆሞ ታዩታላችሁ። በቦይ ስትሸሹ ከኋላችሁ ነው። በመጨረሻ የምትገቡት እሱ ውስጥ ነው። አንደኛው ጌም የት እንዳላችሁ ደብቆ በጥበት ያስፈራችኋል። ሁለተኛው የምትሄዱበትን ከሩቅ አሳይቶ በስፋት ያስፈራችኋል። ለዚህም ሲል የከፈለው አለ። የጀልባውና የመኪናው ጉዞ ለእኔ ይረዝሙብኛል፤ በአንደኛው የነበረው ያ መጠበብ መሐል ላይ ይላላል።

ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ስዕሎቹ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ በተርታ ናቸው። ቁጭ ብላችሁ ሙሉውን ማየት አትችሉም። እየዞራችሁ ነው የምታነቡት፤ ታሪኩ የሚሄደው በእግራችሁ ነው። እነ ሀፍ ላይፍ እንዲህ ናቸው። በዩቲዩብ አይቶ መፍረድ ያልወደድኩትም ለዚህ ነው። በሌላ ሰው እግር ዞራችሁ ማለት ነው።

ሲቲ 17ን የነደፈው ቪክቶር አንቶኖቭ የሶፊያ ልጅ ነው፤ ቡልጋሪያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ። ያደገበትን የምሥራቅ አውሮፓ ከተማ ወሰደና ብረትና ሽቦ ጫነበት። ከተማው ያን ያህል እውነት የሚመስለው ለዚህ ነው። አሮጌው ቤት አሮጌ ሆኖ ይቆያል፤ ባዕዱ ነገር ደግሞ እላዩ ላይ እንደተጫነ ያስታውቃል።

አሁን እናንተ ተነሱ። በዘንባባ የተሰለፈው ጎዳናችን አለ። ሐይቁ አለ። ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ አለ። ቤዛዊት ላይ ሆኖ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ይታያል። ከውሃው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ የተነጠፈው እምቦጭም አለ። እሱን እያየሁ ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ፤ በጌም ውስጥ ግን ከየትኛውም ባዕድ ፍጥረት በላይ ያስፈራል። ጌም የመሥራት ሐሳብ ያለው ልጅ ኒውዮርክን ሲስል ሳይ ይከፋኛል። ኒውዮርክን የሚስል ሞልቷል። ከጊዮርጊስ ተነስቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ብርሃኑ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያውቅ ግን ከእናንተ ሌላ ማን አለ?

ኤፒሶዶቹን ብዙ ሰው እንደ ጭማሪ ያያቸዋል። እኔ አልስማማም። በእነሱ ውስጥ ታሪኩ ከቦታ ወደ ሰው ተሸጋገረ። አሊክስ ቫንስ ከጎናችሁ አትለይም። ትቀልዳለች፣ ትደነግጣለች፣ አባቷን ትናፍቃለች። ጎርደን አሁንም አይናገርም፤ ስለዚህ የምትሰሙት የእሷን ልብ ነው። ኤፒሶድ ሁለት ላይ ዶክተር ማግነሰን የሚባል ሰው ከባድ ሥራ ይሰጣችሁና፣ ከተሳካላችሁ ብላክ ሜሳ ላይ ያጠፋችሁትን ይቅር እንደሚል ይነግራችኋል። ያቺን ማይክሮዌቭ ማለቱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በወጣ ጌም ውስጥ የፈነዳች ምሳ! ዘለው ወደ ሁለተኛው የሄዱ ይህን አያገኙትም። ተከታታይ ታሪክ በቅደም ተከተል የሚኬደው ለዚህ ነው።

በእሷ ስም የተጠራውን ጌም፣ አሊክስን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ፤ የሚጫወቱት ዓይን ላይ በሚጠለቅና ጌሙ ውስጥ ያላችሁ በሚያስመስል የቪአር መነጽር ነው፤ እሱ ያለው ደግሞ እዚህ ጥቂት ነው። ታሪኩ ከሁለተኛው አምስት ዓመት ቀድሞ ነው። የምትጫወቱት እሷን ሆናችሁ ነው፤ እሷ ደግሞ ትናገራለች። ከሁሉ የገረመኝ ጄፍ የሚባለው ፍጥረት ያለበት ምዕራፍ ነው። ጄፍ አያይም፣ ይሰማል። አየሩ ያስላችኋል። ስለዚህ የራሳችሁን እጅ አንስታችሁ አፋችሁ ላይ ታደርጋላችሁ። አንደኛው በኮሪደር፣ ሁለተኛው በከተማ፣ ኤፒሶዶቹ በሰው፣ ይሄኛው በእጅ ተናገረ። ያንን ለማግኘት ደግሞ ፍጥነቱንና አብዛኛውን ተጫዋች ትቷል።

ወላጆቻችሁ «ጊዜ ማባከን ነው» ቢሏችሁ አልፈርድባቸውም። ሳያስተውሉ ከተጫወቱት እውነታቸውን ነው። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ ኮምፒውተሩን አጥፉና ያለፋችሁበትን ቦታ ከሐሳባችሁ ወረቀት ላይ ሳሉ። በሩ የት ነበር? ብርሃኑ ከየት ይመጣ ነበር? መጀመሪያ ያያችሁት ምን ነበር? ያልቻላችሁትን ተመልሳችሁ እዩ። እኔ ጀማሪ አርክቴክቶችን የማሠለጥነው በዚሁ ነው፤ ጥሩ ነገር የሠሩት መጀመሪያ ማየት የተማሩት ናቸው። በ2024 ሁለተኛው 20ኛ ዓመቱን ሲያከብር የሠሪዎቹ ማብራሪያ ተጨምሮበታል። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ስሙት። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ፣ ጌሙን የሞከሩላቸው ሰዎች የት ላይ መንገድ እንደጠፋባቸው፣ ምን እንደቀየሩ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ስዕሉ ከተዋጣላችሁ ወደ መሥራት ግቡ። ሀመር የሚባለው የቫልቭ የሌቭል መሥሪያ በነፃ ይገኛል፤ አሮጌ ኮምፒውተርም ይሸከመዋል። ካውንተር ስትራይክን ከጀመሩት ሁለት ልጆች አንዱ ሚን ሊ ያኔ ካናዳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፖርታል የሚባለው ሌላው የቫልቭ ጌምም የተወለደው ከተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ነው፤ ቫልቭ ልጆቹን ቀጠራቸውና በ2007 ከኤፒሶድ ሁለት ጋር በአንድ ሳጥን ወጣ። በአንዲት ክፍል ጀምሩ። አንድ በር፣ አንድ መብራት፣ አንድ ዕቃ። ጓደኛችሁን አስገቡትና ዝም ብላችሁ እዩት። ወዴት እንደሚሄድ ከነገራችሁት ክፍሉ ገና አላለቀም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ኤፒሶድ ሁለት በጣም ከባድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሦስተኛው ኤፒሶድ አልወጣም። የአሊክስ መጨረሻ የሚነካው በትክክል ያንን ቦታ ነው። ቪአር የሌላችሁ አሊክስን በቪዲዮ ማየታችሁ ካልቀረ፣ መጨረሻውን ኤፒሶድ ሁለትን በራሳችሁ እጅ ሳትጨርሱ አትክፈቱት።