ከጭቃ ቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል ለመጨመር

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ ጠያቂዋ መምህርት ናቸው። «ከአባታችን በወረስነው የጭቃ ቤት ጀርባ ሁለት የብሎኬት ክፍል መቀጠል እፈልጋለሁ። ግንበኛው ወጪ እንዲቀንስ የአሮጌውን ቤት ግድግዳ እንደ አንድ ጎን እንጠቀምበት፣ ፈቃዱም ኋላ ይደርሳል ይለኛል። ጓሮው ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ወደፊት ፎቅ የማድረግ ሐሳብም አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በሁለቱም ነገር ግንበኛውን አይስሙት። በተለይ አዲሱን ክፍል ከጭቃው ግድግዳ ጋር አያጣብቁት።

ነገሩ ከመሬቱ ይጀምራል። በእናንተ በኩል ብዙ ቦታ ላይ ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት እንጨቱ ስለሚታጠፍለት ይህን ይችለዋል። ምርጊቱ ቢሰነጠቅም መልሶ መለሰን ነው። ብሎኬት ግን መታጠፍ አያውቅም። ሁለቱ ሲጣበቁ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፤ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች ይተረተራል። በሲሚንቶ ቢደፍኑት በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው።

ስለዚህ ቦታ ካለዎት 2 ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ለብቻው ይሥሩት። መሐሉን በቆርቆሮ ከሸፈኑት በዝናብም መተላለፊያ ይሆናል፤ ጫፍና ጫፉን ግን ክፍት ይተዉት። ሌላም ጥቅም አለው። የአሮጌው ቤት የጀርባ መስኮት ከተዘጋ የኋላው ክፍል በቀንም መብራት የሚፈልግ ጨለማ ይሆናል። ይህ ብዙ ሰው ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚያየው ነገር ነው።

ቦታው ጠቦ ግድ መጠጋት ካለበት፣ አዲሱ ቤት በአራቱም ጎን የራሱ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) እና ግድግዳ ይኑረው። በሁለቱ መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ክፍተቱን በታጠፈ ላሜራ ይሸፍኑት፤ ላሜራው የሚመታው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። የአሮጌው ጣሪያ ውሃ ወደ ክፍተቱ እንዳይገባ ሰፋ ያለ አሸንዳ ያስፈልጋል።

መሠረቱን ሲያስቆፍሩ ዋልካው እስኪያልቅ ይውረዱ። ጠንካራ መሬት ቶሎ ካልተገኘ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልቶ ከመቀጠል ይልቅ መሐንዲስ ይጥሩ። ከወለሉ ሥር ያለውም ዋልካ ወጥቶ በገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ፤ አለዚያ ሊሾው መሐል ለመሐል ይነሣል።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ፣ ሥሩ ከዋልካው ውሃ እየመጠጠ አፈሩን ያኮማትረዋል። አሁን ቆርጠው ወዲያው ቢሠሩ ደግሞ አፈሩ ውሃውን መልሶ ይጠጣና ያብጣል። የሚቆረጥ ከሆነ ቢያንስ አንድ ክረምት ይለፍበት። የማይቆረጥ ከሆነ ቤቱን ከዛፉ የቁመቱን ያህል ማራቅ ይመረጣል። ጓሮዎ ለዚያ የሚበቃ አይመስለኝም፤ እኔ ብሆን ዛሬውኑ አስቆርጠው ነበር።

የፎቁን ነገር አሁኑኑ ይወስኑ። ኋላ ሶሌታ (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) የሚሸከመው ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) እና ኮለን ዛሬ በመሐንዲስ ተሰልቶ መግባት አለበት። ፎቅ ለሌለው ቤት በተሠራ ኮለን ላይ «ፌሮ ቀጥለን እንወጣለን» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት አይመኑት። ደረጃው የት እንደሚወጣም ሥዕሉ ላይ ይታይ። ቦታ ካልተያዘለት ኋላ አንዱን ክፍል ይበላል።

አሁን ወደ ፈቃዱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንዲህ ያለውን አነስተኛ መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» አስቀምጦት ነበር። ምድቡ ቀለል ያለ ነው ማለት ግን ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። ነባር ቤት ላይ መጨመርም ፈቃድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ከከተማው የሕንፃ ሹም ዘንድ የፕላን ስምምነት ይጠይቁ። በእርስዎ ሠፈር ፎቅ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ከወሰንና ከመንገድ ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎ እዚያ ያውቃሉ። አርክቴክቱ ሥዕል መጀመር ያለበት ከዚያ በኋላ ነው፤ አለዚያ ለሁለት ሥዕል ይከፍላሉ።

እርስዎን የሚያዘገየው ግን ካርታው ይመስለኛል። «ወረስነው» ብለዋል፤ ወንድምና እህት አለ ማለት ነው። ካርታው አሁንም በአባትዎ ስም ከሆነ በፍርድ ቤት ወራሽነት አረጋግጦ ስም ማዞር ይቀድማል። እናትዎ ካሉ የእሳቸው ድርሻም አለ። ወንድምና እህቶችዎ ቢስማሙም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ይህ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከዚህ ሳምንት ይጀምሩት። ወረቀቱ እስኪያልቅ የተቆረጠው ዛፍም ክረምቱን ያሳልፋል፤ ቁፋሮውን ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ከኅዳር በኋላ ያድርጉት።