መኪና የሌለበት መንገድ በየት በኩል ነው?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ ሳይክል ናቸው። እሱም ከተማ ውስጥ ስለመንዳት ሳይሆን ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ይዞ፣ ጥሩምባ ሳይሰሙ ስለመንዳት። ሌላ ሌላ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ወር ታገሡን።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ራቅ ብለን መንዳት እንፈልጋለን፤ ወንዝና ዛፍ ያለበት፣ መኪና የሌለበት። ወደ ደንገጎ ሞክረን ሲኖትራኩና ጫት የጫነው መኪና ሊጨርሰን ነበር። የት እንሂድ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወደ ሐረማያ የሚወጣውን የደንገጎን አስፋልት ተዉት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ ልዩነት በጠመዝማዛ ዳገት ነው የምትወጡት። በዚያ ላይ የአወዳይ ጫት ሳይጠወልግ ለማድረስ የሚከንፍ ሹፌር ለእናንተ ብሎ ፍሬን አይዝም። ዕይታው ያምራል፣ አልክድም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

እኔ ብሆን ዳገቱን ለሚኒባስ እተወዋለሁ። ሳይክሎቹን መናኸሪያ ላይ አስጭኑና ሐረማያ ውረዱ። ሲታሰር ግን ቆማችሁ እዩ፤ የአንዱ ፔዳል የሌላው ጎማ ሽቦ ውስጥ ከገባ ድሬ ላይ ቀጥ ያለው ጎማ ሐረማያ ሲደርስ ተጣሞ ነው የሚወርደው። እላይ ከደረሳችሁ በኋላ አብዛኛው ሜዳ ነው። ደርቆ ከብት ሲሰማራበት የነበረው ሐይቅ ውሃው ተመልሷል፣ እና በዙሪያው በድንችና በሽንኩርት ማሳ መሐል የሚሄዱት የአፈር መንገዶች ለሳይክል የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ወደ አዴሌ በኩልም እንደዚያው። ከአስፋልቱ ትንሽ ራቅ ስትሉ የሚቀድማችሁ ቢኖር ጋሪ ነው። የውሃ ቦይ ስታቋርጡ ግን ውረዱና ሳይክሉን ተሸከሙት፣ የገበሬውን መደብ አታፍርሱበት።

ስትመለሱም ዳገቱን ቁልቁል እንልቀቀው እንዳትሉ። የሁላችሁም ፍሬን ጠርዙን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ያን ያህል ቁልቁለት ሙሉውን ይዛችሁ ስትወርዱ ጠርዙ ይግላል፣ ሙቀቱ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል። የግድ ካላችሁ በማለዳ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ፣ መሐል ላይ ቆማችሁ አቀዝቅዙ። ባታደርጉት ግን ደስ ይለኛል።

ዛፍ ስላልከው እውነቱን ልንገርህ። በእኛ በኩል ኮረብታው ጫትና ማሽላ የተዘራበት እርከን ነው፤ ዛፉ ያለው ታች ወንዙ ዳር ነው። እውነተኛ ደን ካማራችሁ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮን አልፎ ወደ ኩኒ ሙክታር ነው፤ የደጋ አጋዘን ያለበት ተራራ። እሱ ግን የቅዳሜ ጉዳይ አይደለም፣ እረፍት ወጥታችሁ፣ ማደሪያ ይዛችሁ ነው።

ከከተማ ሳትርቁ ከሆነ ድሬን የሚያቋርጠው ደረቁ የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱ አለላችሁ። አሸዋውን ይዛችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራሮቹ ስትገቡ ጫጫታው ቶሎ ይጠፋል። ፖርክ ኤፒክ የሚባለው የጥንት ሰው ዋሻም በዚያው በኩል ገደል ላይ ነው። አሸዋ ላይ ቀጭን ጎማ አይሞከርም። ወፍራም ጎማ ይሁን፣ ነፋሱን ትንሽ ቀንሱለት፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ መሪውን በድንገት አትጠምዝዙ፣ ፔዳል መምታት አታቁሙ። ካቆማችሁ ሰመጣችሁ። ጠንካራው አሸዋ ብዙ ጊዜ ያለው ጥጉን ይዞ፣ እረኞችና አህዮች የረገጡት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የቀልድ ያልሆነውን ስማኝ። ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ በሚዘንበው ዝናብ አይደለም። ደንገጎና ከዚያ በላይ ያለው ተራራ ላይ ሲዘንብ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ እየወጣ፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ የድሬ ልጅ ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፣ ግን ሳይክል ላይ ሲሆን ሰው ይረሳል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም አሸዋው ውስጥ አትግቡ። በበልግም ወደ ደቡብ ቀና ብላችሁ ተራራው ጠቁሮ ካያችሁ ተመለሱ። ጠባብ ቦታ ላይ ሆናችሁ ከላይ ጉምጉምታ ከሰማችሁ ሳይክሉን ጥላችሁ ወደ ከፍታው ውጡ። ሳይክል ይገዛል።

ሌላው የመልካ ጀብዱ አቅጣጫ ነው። ሜዳ ነው፣ ግራር አለው፣ ሙቀት ግን አይጣል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥታችሁ 3 ሰዓት ላይ ቤታችሁ ፉል ፊት እንድትሆኑ አድርጉ። ወደ ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ለስላሳ ነው ብሎ ማንም እንዳያታልላችሁ፤ የጂቡቲ ከባድ መኪና ነው የሚሄድበት። የትም ስትሄዱ ደግሞ የዚያን ሰሞን የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው ሰፈር ሰው ጠይቁ፣ ከመሐላችሁም ኦሮምኛ ወይ ሶማልኛ የሚችል ይኑር።

ጥያቄ፦ ምድር ባቡር ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ጀርመን ያለው ልጄ አሮጌ ሐዲድ ተነቅሎ የሳይክል መንገድ ሆኗል፣ በሦስት አገር ነዳሁበት ይለኛል። እውነት ነው ወይስ ይቀልድብኛል? የእኛስ ሐዲድ? (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የድሬ ልጅ አንቱታ ባይሆንለትም ለእርስዎ ልሞክር። ልጅዎ እውነቱን ነው። ፌንባን ይባላል። ከጀርመኗ አኸን ተነስቶ በቤልጂየም በኩል አቆራርጦ ሰሜን ሉክሰምበርግ ትሯቪየርዥ ድረስ 125 ኪሎ ሜትር ነው። ፕሩሲያዎች በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያነጠፉት መስመር ነበር። ደኑንና ኮረብታውን ሁሉ እያቋረጠ እንዴት ሽማግሌም ሕፃንም ይነዳበታል ቢሉ፣ መልሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ የእንፋሎት ባቡር ዳገት አይወድም። ከ100 ሜትር 2 ሜትር ያህል ቢወጣ ነው። መሐንዲሶቹ ለሎኮሞቲቭ ብለው የደከሙበትን ዛሬ ሳይክለኛው በነፃ ይበላዋል። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርልዎ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሐዲዱ መሬት ለቤልጂየም ተሰጠ፤ ከሐዲዱ ወዲያ የቀሩት የጀርመን ቁራሽ መሬቶች እስከ ዛሬ በቤልጂየም ተከበው አሉ።

የእኛም ታሪክ ከዳገት ጋር የተያያዘ ነው እኮ። ባቡሩ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ተራራው ስላስቸገረ ነው እግሩ ሥር አዲስ ጣቢያ የተቆረቆረው፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ድሬ የሆነችው። ስለዚህ ከድሬ ወደ ሁርሶና ኤረር የሚሄደው የድሮው መስመር ቢታሰብበት ለሳይክል የሚሆን ነው፤ ተራራው በግራ፣ ሜዳው በቀኝ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የኤረር ፍልውሃ። እኔ በሕይወቴ ባየው ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን ሐዲዱ ላይ መንዳት አይሞከርም። ጠጠሩ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ በሐዲዱ መሐል ታች ገደሉ ይታያል። ጎን ለጎን ሰውና ፍየል ያወጣው የእግር መንገድ ባለበት ባለበት መሄድ ይቻላል። ሁርሶ አካባቢ ወታደራዊ ማሰልጠኛ ስላለ ፎቶ አይነሣም፣ ለልጆቹ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ክረምት ላይ እህቴ ጋ ኮብሌንዝ፣ ጀርመን እሄዳለሁ። በሳይክል ወንዝ ዳር ለጥቂት ቀን እንጓዝ ትለኛለች። ሳይክል እችላለሁ እንጂ ጎበዝ አይደለሁም። ይከብደኝ ይሆን? (ከሸንኮር፣ ሐረር)

መልስ፦ የሐረርን ዳገት በእግሯ የምትወጣ ሰው ሞዘል ወንዝ ዳር አትቸገርም። ከትሪየር ጀምራችሁ ወደ ኮብሌንዝ ውረዱ፣ ከወንዙ ጋር አብራችሁ፣ መጨረሻችሁም የእህትሽ ቤት ይሆናል። በወንዙ ዳር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባቡሩ ያንኑ በ110 ገደማ ይጨርሰዋል፣ ምክንያቱም ወንዙ ሲጠማዘዝ አይጣል ነው። በቀን 50 ከያዛችሁ አራት ቀን። ግራና ቀኙ ገደል የሚያህል ተዳፋት ላይ የተተከለ ወይን ነው፤ የሐረርጌን እርከን ለለመደ ዓይን ገበሬው እንዴት ቆሞ ይሠራል የሚለው ጥያቄ እዚያም አይቀርም። ከቡላይ ከተማ በኋላ ባቡሩ በአብዛኛው ወንዙን ይዞ ስለሚሄድ፣ ጉልበትሽ እምቢ ሲል ሳይክልሽን ይዘሽ ትሳፈሪያለሽ።

ኮረብታና ደን ካማረሽ ደግሞ ከዳውን እስከ በርንካስተል-ኩስ የሚወርድ 58 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ እሱም አብዛኛው የድሮ ሐዲድ ነው፣ ዋሻና ድልድይ ያለው። ሳይክል የሚጭን አውቶቡስ እላይ ያወጣሻል፣ ከዚያ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። ዋሻው ውስጥ በሐምሌም ይበርዳል፣ ሹራብ ያዢ።

ከአሁኑ መለማመድ ያለብሽ እግርሽን ሳይሆን መቀመጫሽን ነው። ለሁለት ሰዓት ኮርቻ ላይ መቀመጥ ያልለመደ ሰው በሁለተኛው ቀን ቆሞ ነው ራት የሚበላው። እሑድ ጠዋት በኤረር በር ወጥተሽ ወደ ኮረሚ በኩል የቻልሽውን ያህል ሂጂ። ኮረሚ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደረስሽ የአርጎባዎቹ የድንጋይ ቤቶችና ቁልቁል የሚታየው የኤረር ሸለቆ ድካሙን ያስረሳሉ። ወደ ሸለቆው ግን አትውረጂ፤ የወረድሽው ሁሉ መልሶ መውጣት አለው።

ጥያቄ፦ ከኮረሚ ስመለስ ቢመሽብኝ ጅቡስ? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ እንዳይመሽብህ። ጅቡ እንኳን ሰው ለምዷል፤ ያለ መብራት የሚመጣው አይሱዙ ነው የሚያሳስበኝ።

ጥያቄ፦ ከከተማ በወጣሁ ቁጥር ጎማዬ ይተነፍሳል። ጎሚስታው ይለጥፍልኛል፣ በማግስቱ እንደገና። ጎማ ልቀይር? (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ገንዘብህን አስቀምጥ፣ እሾሁ አልወጣልህም ማለት ነው። የግራርም፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍም እሾህ ጎማው ውስጥ ገብቶ ከውጭ በኩል ይሰበራል፤ ከውጭ ስታየው ምንም የለም፣ ከውስጥ ግን ጫፉ ብቅ ብሎ አዲሱን ልጥፍ ይጠብቃል። የውስጥ ጎማውን አውጣና ንፋው፣ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ አረፋ የሚወጣበትን በእስክሪብቶ አክብብ። ከዚያ የውጭውን ጎማ ከፍተህ ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ ጠርገው፤ በጣትህ አይደለም፣ ጣትህን ይወጋሃል። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾሁ አለ፣ በፒንሳ ንቀለው። የያዘህ አንድ ቦታ ብቻ ነው ብለህ አትተወው፣ ዙሩን ጨርስ።

ለወደፊቱ ያረጀ የውስጥ ጎማ ቀደህ በአዲሱና በውጭው ጎማ መሐል አንጥፈው፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ብዙውን እሾህ ይመልሳል። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መንፊያም ሳትይዝ ከመልካ ጀብዱ አትለፍ፣ ከዚያ ወዲያ ጎሚስታ ማግኘት ዕድል ነው። ስትቆምና ስታርፍም ሳይክሉን ግራሩ ሥር አታጋድመው፣ ጥላው ላይ አንተ ቁጭ በል፣ እሱን መንገዱ ላይ አቁመው።