«ይገባዋል» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ኮሪደር ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ የሕግ ሰው ነኝ። አሁን ትልቁ ሥራዬ እናንተ ስልካችሁ ላይ የምትጽፉትን ማንበብ ነው። እገሌ ታሰረ ሲባል፣ በተለይ ደግሞ ሰውየው የማትወዱት ከሆነ፣ ከሥር የሚደረደረው «ይገባዋል!» ነው። በምን ተከሶ? የት ፍርድ ቤት ቀርቦ? ይህን የሚጠይቅ እምብዛም አላይም።

የመንግሥት ሥልጣን በሕግ ይገደብ ሲባል «የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» የምትሉም አላችሁ። አልስማማም። እርግጥ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያልነው እኛው ነን። ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያለውም የእኛው ገበሬ ነው። በቅሎ የሚያህል ሀብት ተፈርዶበት ሲሄድ ችሎ፣ ለአንዲት ጭብጦ ግን እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አስቡ። ይህ ነገር ያልገባው ባለ ዲግሪ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ!

ሥሩ ደግሞ እምነታችን ውስጥ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17ን አንብቡ። ንጉሡ ፈረስ አያብዛ፣ ሚስት አያብዛ፣ ብርና ወርቅ አያከማች፣ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ የሕጉን ቅጂ ለራሱ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ ያንብብ፣ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ይላል። የድሮው የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገርበት 44ኛው አንቀጽ ይህንኑ ቃል ያነሳል። በመጽሐፈ ነገሥት ያለው የናቡቴ ታሪክ ደግሞ እኔን ሁሌ ይገርመኛል። አክዓብ ንጉሥ ሆኖ ሳለ የአንድን ተራ ሰው የወይን ቦታ ዝም ብሎ መንጠቅ አልቻለም። ሚስቱ ኤልዛቤል ሽማግሌ ሰብስባ፣ የሐሰት ምስክር አቁማ፣ ፍርድ የሚመስል ነገር ሠርታ ናቡቴን ማስገደል ነበረባት። ያ ክፉ ቤት እንኳ ያለ ፍርድ መውሰድ ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው! ከዚያ ነቢዩ ኤልያስ መጥቶ አክዓብን ገድለህ ወረስክ አለው፤ ፊት ለፊት። ሙስሊም ልጆቼም የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር ሲሾሙ የተናገሩትን ታውቁታላችሁ፤ መልካም ከሠራሁ አግዙኝ፣ ካጠፋሁ አቅኑኝ ነው ያሉት።

እምነት ብቻውን ግን አይበቃም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ቅብዓ መንግሥት ስለተቀቡ ክብራቸው አይገሠሥም፣ ሥልጣናቸው አይደፈርም ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያው ቅዱስ መጽሐፍ፣ ያው ቅብዓት፣ ለገደብ ሳይሆን ለጋሻ ዋለ። ኤልያስ ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። ስለዚህ የተገፋ ሰው የሚያንኳኳው በር፣ ቀን የተቆረጠለት አሠራር ያስፈልገዋል።

ያ በር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የእኔ ትውልድ አይቶታል። በ1966 የንጉሡ ባለሥልጣናት ሲታሰሩ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉዳያቸውን እያየ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ግን ደርግ ወደ 60 የሚጠጉትን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጨምሮ፣ ያለ ፍርድ ረሸናቸው። ያኔም «ይገባቸዋል» ያለ አልጠፋም፤ በወሎው ድርቅ ተቆጥተን ነበር፣ ቁጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ጥይት ወደ ተማሪው ዞረ። ሰፈራችን ውስጥ ጠዋት አስከሬን አልፎ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ነበር፤ ዛሬ የእናንተ አያት ነው።

የሚገርመው፣ እነዚያው የደርግ ሰዎች በኋላ ጠበቃ ቆሞላቸው ተከራከሩ። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ነው። 12 ዓመት! መጓተቱን ብዙ ሰው ወቅሷል፣ እኔም እወቅሳለሁ፤ ፍርድ የዘገየበት ተጎጂም ተከሳሽም ተበድሏል። ቢሆንም ለሌላው የከለከሉትን እነሱ አገኙ፤ የሞት ፍርድም በ2003፣ የሃይማኖት አባቶች ከለመኑላቸው በኋላ፣ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው። ያልተዋጠለት ሰው አለ፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን አገር እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት እግዚአብሔርን አይጠራም፤ አንቀጽ 11ም መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል። ጥሩ አድርጓል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚኖር ካህን ወይም ሼህ ንጉሥን አይገሥጽም። አንቀጽ 10ን ግን ልብ በሉ። ሰብዓዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ይላል። መንግሥት የሰጠው አይደለም፣ ስለዚህ መንግሥት ሊነሳው አይችልም። አማኝ ይህን ሲያነብ ሰው በአምላክ አምሳል መፈጠሩን ያስባል፤ የማያምነውም በራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል።

አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ 48 ሰዓቷ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ነበረች። ቀዳዳም አለ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት በፍጹም አይነኩም ተብለው በአንቀጽ 93 ከተዘረዘሩት ውስጥ ይህች አንቀጽ የለችም። ፖለቲካ የምትወዱ ልጆች ማን ይመረጥ ብላችሁ ከምትጣሉ አንዳንዴ በዚህ ብትጣሉ እወድ ነበር።

ጎረቤታችሁ፣ ወይም ያ ፌስቡክ ላይ የምትሰድቡት ሰው፣ ተይዞ ቀኑ ካለፈ ቤተሰቡን አግኟቸው። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ፤ ፍርድ ቤቱ የተያዘውን ሰው አቅርቡ ብሎ እንዲያዝ የሚጠየቅበት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ177 ጀምሮ ያስረዳችኋል። ሰውየው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ያመለክትለታል። ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ የምታውቁትን ጻፉ፣ የጻፋችሁት እውነት መሆኑን የምትምሉበትን ቃለ መሃላ አያይዙ፣ ለፍርድ ቤት አስገቡ። አጭር ወረቀት ናት፤ መጻፉ ከከበዳችሁ እኔም አለሁ።