ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ኮንትራክተሩ ደግሞ ጨምሪ ይላል

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ነው የምኖር። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ባሕር ዳር ያለው ልጄ እየላከልኝ በ200 ካሬ ቦታ ላይ ባለ ሦስት መኝታ ቤት አስጀመርሁ። ውሉ በጥቅል 1,850,000 ብር ነው፤ በ8 ወር ሊያስረክበኝ ነበር። አሁን 17 ወር ሆነ። እስካሁን 1,480,000 ብር ከፍያለሁ። ከዚህ ውስጥ 160,000ውን በእጁ ነው የሰጠሁት፤ ደረሰኝ የለኝም።

ቆርቆሮው ለብሷል፣ የውስጥ ልስኑም አልቋል። የውጭ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ በርና መስኮት፣ ቀለም ቀርቷል። ባለፈው ክረምት በአንዱ መኝታ ቤት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ መጣ። በጎረንዳዮው በኩልም ያፈስሳል። ሰውየው «መሬቱ ዋልካ፣ ጥቁር አፈር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ይለኛል። ስሚንቶና ፌሮ ስለጨመረም 420,000 ብር ካልጨመርሽ አልመለስም አለ። ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ነኝ ይላል፤ ውሉ ላይ ያለው ማህተም ግን የሌላ ሰው ድርጅት ነው።

ልጄ «ክሰሺው» ይላል፤ ጎረቤቶቼ «በሽማግሌ ይለቅ» ይላሉ። ወይስ ሌላ ሠራተኛ አስገብቼ ልጨርሰው? ክረምት ሳይገባ ቢመልሱልኝ።

መልስ፦

እትዬ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሠራተኛ አያስገቡ። ገና ነው።

በራሴ ስለደረሰ ነው የምልዎት። ሠላሳ ዓመት ግድም በፎርማንነትም በሳይት መሐንዲስነትም ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ። በ1998 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ የራሴን ማድ ቤት በሌላ ሰው አሠራሁ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ንዴት ቀደመኝና በሳምንቱ አፍርሼ በአዲስ አሠራሁት። ከዚያ ከሰስሁ። ዳኛው «የተበላሸው ሥራ የታለ?» አሉኝ። የለም። ያለው አዲስ ግድግዳ ነው፣ ያውም ውብ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

ስለዚህ መጀመሪያ እስካሁን የተሠራው ሥራ ይለካ። ሥራው ላይ እጁ የሌለበት፣ ዝምድናም የሌለው አንድ መሐንዲስ ይፈልጉ። ፕላኑን፣ ውሉንና የሥራ ዝርዝሩን ይስጡት። የሚለካበትን ቀን ለተቋራጩ በጽሑፍ ያሳውቁ። ከመጣ ሦስታችሁም ትፈርማላችሁ። ካልመጣ «ተጠርቶ አልመጣም» ተብሎ ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርም። ለመሐንዲሱ የሚከፍሉት ገንዘብ ይቆጭዎታል፤ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌም ዳኛም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ወረቀት ነው።

ከደብዳቤዎ በመነሣት ልገምት። የቀረዎት ሥራ ቀላል አይደለም። በእኔ ልምድ ማጠናቀቂያው የቤቱን ዋጋ ሲሶ ይበላል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሲሶ ነው ብንል የተሠራው 1,233,000 ብር ገደማ ያወጣል። እርስዎ የከፈሉት 1,480,000 ነው። ወደ 250 ሺህ ብር ቀድመው ሰጥተውታል ማለት ነው። እሱ ግን 420,000 ጨምሪ ይላል! ልኬቱ ሲመጣ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ክርክሩ ግን «አምኜህ ነበር» ከሚለው ወጥቶ እዚህ ላይ ይቁም።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነው ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ አያስጨንቅም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ መሠረቱ በአንድ በኩል እየወረደ ነው። እንዲህ ያድርጉ፦ ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያልፍ ጀሶ በሁለት ቦታ በስሱ ይለጥፉ። ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። አጠገቡ ማስመሪያ አስደግፈው ፎቶ ያንሱ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው። ይህን ለመሐንዲሱ ያሳዩት። እሱም በዚያ ማዕዘን በኩል ጉድጓድ አስቆፍሮ መሠረቱ የት ድረስ እንደወረደ፣ ከሥሩም ምን አፈር እንዳለ ይይ።

«ዋልካ ነው» የሚለው ነገር ያስቀኛል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህን የጎጃም እረኛ ያውቀዋል፤ ተቋራጭ እንዴት አያውቀው? መላውም የታወቀ ነው። ዋልካውን ጠርጎ ያወጡና ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር በስሱ በስሱ እያነጠፉ፣ ውኃ እያርከፈከፉ ይጠቀጥቁታል። አለዚያ መሠረቱን ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ያወርዱታል። ሕጉም ለሰውየው መውጫ አልተወለትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ ያደርገዋል። ጉዳቱ ከአሠራር ጉድለት ቢመጣም፣ ከመሬቱ ጠባይ ቢመጣም ተጠያቂ ነው። ውሉ ላይ «ዋስትናዬ 1 ዓመት ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ ቢኖር እንኳ አይጸናም።

10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክብ እንደሆነ ልብ ይበሉ። የርክክብ ወረቀት አምጥቶ «ለክፍያ ያህል ነው፣ ፈርሚልኝ» ቢልዎት አይፈርሙ። ገብተውም አይኑሩበት፤ «ተረክባለች» የሚል ክርክር ያመጣብዎታል።

የስሚንቶውንና የፌሮውን መወደድ ማንም አይክድም። ግን ውልዎ በጥቅል ዋጋ ነው። ዋጋ ሲጨምር የሚስተካከልበት አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ? ደግመው ያንብቡት። ከሌለ፣ ያው ሕግ በቁጥር 1794 ለሥራው የሚያስፈልግ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ ከአቅም በላይ እንደሆነ ኃይል አይቆጠርም ይላል፤ «ዕቃ ተወደደ» ብሎ ከውሉ ማምለጥ አይችልም ማለት ነው። እሱ ደግሞ 9 ወር ያዘገየው ራሱ ነው። በ8 ወሩ ጨርሶ ቢሆን ይህ ጭማሪ የት ያገኘው ነበር? ከልብዎ ትንሽ ሊጨምሩለት ከፈለጉ መብትዎ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ እንጂ ዛሬ አይስጡ።

የማህተሙ ነገር ነው እኔን ይበልጥ የነካኝ። ሰውየው በተዋሰው ፈቃድ ነው የሚሠራው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህ በየከተማው አለ፦ አንዱ ፈቃድ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራበታል፣ ችግር ሲመጣ ሁለቱም «እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ለርስዎ ግን ተጠያቂው ሁለት ሆነልዎት ማለት ነው። ውሉን በምን ሥልጣን እንደፈረመ፣ ውክልና እንዳለው ይጠይቁ። ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደገባ ከባንክ ያውጡ። ማስጠንቀቂያውን ለሁለቱም ይላኩ። አቤቱታም ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ያስገቡ። መሥሪያ ቤቱ ገንዘብዎን አያስመልስም። ባለፈቃዱ ግን ፈቃዱ እንዳይነካበት ሲል ሮጦ ይመጣል። ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ ያልሁት ለወግ አይደለም። በሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ረጅም አያድርጉት፣ ስድብም አያስገቡበት። እንዲህ ይበቃል፦

«በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት በ8 ወር ማስረከብ ሲገባዎ አላስረከቡም። ሥራውንም አቁመዋል። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ተመልሰው የመኝታ ቤቱን ስንጥቅና የጣሪያውን ፍሳሽ እንዲያስተካክሉ፣ ቀሪውንም እንዲጨርሱ አስጠነቅቃለሁ። ካልሆነ በሕግ እጠይቃለሁ።»

በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፣ ወይም በምስክር ፊት ሰጥተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ።

በእጅ ስለሰጡት 160,000፦ ሲሰጡት ማን ነበር? በስልክ የተጻጻፉት አለ? «በዚህ ቀን የሰጠሁህን 160,000 ብር ስንት ስሚንቶ ገዛህበት?» ብለው መልእክት ይላኩለት። ከመለሰልዎት መልሱን አያጥፉት። ከእንግዲህ አንድ ብር በእጅ አይስጡ።

ልጅዎም ጎረቤቶችዎም ልክ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ልኬቱ ካለቀ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጥ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግንበኛ ይሁን፤ አለዚያ «አንቺም ተዪ፣ አንተም ተው» ብለው መሐል ላይ ይከፍሉታል፣ ስንጥቁም እዚያው ይቀራል። የተስማማችሁበት በወረቀት ይስፈር፦ ምን ይጠገናል፣ በስንት ቀን፣ ገንዘቡ መቼ መቼ ይለቀቃል። እምቢ ካለ የመሐንዲሱን የልኬት ወረቀት ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ። ሌላ ሰው አስገብተው በእሱ ወጪ ለማስጨረስ ያን ጊዜ ይጠይቁ፤ ቁጥር 1777 ለዚህ በር ይከፍታል።

ሰኔ ሳይገባ ግን አንድ ሥራ አለ። ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ ከመሠረቱ ያርቁት። ፎቶ አንስተው፣ ለሰውየው በጽሑፍ አሳውቀው፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ የሚፈስበት ቦይ ያስቆፍሩ። ግድግዳውን አይንኩ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቀኑን ጽፈው ይላኩልኝ።

ጥያቄ፦

ከቢቸና ነኝ። ቤት የሚሠራልኝ የሚስቴ ወንድም ነው። ውል ይጻፍ ማለት ነውር አይሆንብኝም?

መልስ፦

ይጻፉ። ነውር ከመሰለዎት «የባንክ ብድር ልጠይቅበት ነው» ይበሉት። እኔ ለወንድሜ እንዲያ ብዬው ነበር፤ ኋላ ያመሰገነኝ እሱ ነው፣ የሦስት መስኮት ገንዘብ ረስቼበት ነበርና።