ኬንዎርዝና ፒተርቢልት፦ ባለቤቱ አንድ፣ ሻጩ ሁለት

ወንድሜ፣ ስለ ኬንዎርዝና ፒተርቢልት የጭነት መኪናዎች «ሁለቱም የፓካር ከሆኑ ለምን ገበያ ይሻማሉ? ሞተሩስ የቱ ይሻላል?» ላልከው።

የአሜሪካው የጭነት መኪና አምራች ፓካር ኬንዎርዝን በ1945፣ ፒተርቢልትን በ1958 (እ.ኤ.አ.) ነው የጠቀለለው። ግን መሸጫዎቻቸው ለየብቻ ናቸው። ደንበኛው ፒተርቢልት ጋ የሄደበት የኬንዎርዝ ሻጭ «ብሩ ለእናት ኩባንያችን ገባ» ብሎ አይጽናናም፤ ኮሚሽኑ ቀርቶበታላ!

ዋናው ነገር ሞተሩ ነው። ኬንዎርዝ ቲ680 የተባለው ሞዴልም ሆነ ፒተርቢልት 579 በፓካር በራሱ ሞተር፣ በኤምኤክስ-13፣ ወይም ሌላ ኩባንያ በሚሠራው በከሚንስ ኤክስ15 ይመጣሉ። ኤምኤክስ መሠረቱ የፓካር የሆነው የሆላንዱ የጭነት መኪና አምራች ዳፍ ነው፤ 12.9 ሊትር፣ እስከ 510 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱም ቀለል ይላል። ከሚንሱ 15 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ እስከ 605 ይደርሳል።

ሜዳ ለሜዳ ከሆነ የምትሠራው ኤምኤክስ ይበቃሃል። ከባድ ጭነት ይዘህ የኮሎራዶን ዳገት የምትወጣ ከሆነ ግን እኔ ከሚንስ ነው የምልህ። መካኒኩም በየቦታው አለ። ሻጩ ኤምኤክስን ቢገፋብህ አትገረም፤ የሞተሩም ትርፍ እዚያው ቤት ይቀራላ። ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ ከቀለሙ በፊት የጥገና ወረቀቱን፣ በተለይ የጭስ ማጣሪያውን ታሪክ አስወጣ።