በዱባይ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በወንድሜ ስም ላስገባው?

ጥያቄ፦ የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ዱባይ በሰው ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ አሁን ጠቅልዬ ልገባ ነው። ከደመወዜ ያጠራቀምኩት ድርሃም እዚሁ ባንክ አለ። ወንድሜ «በጥቁር ገበያ ጥሩ ይመነዝሩልሻል፤ ብሩ በእኔ ሒሳብ ይግባ። ከተማ ውስጥ ቤት አይቻለሁ፤ ለጊዜው በስሜ ይሁንና ስትመጪ ይዞርልሻል» ይለኛል። ከዚህ በፊት የላክሁለትም ብዙ ገንዘብ አለ፤ እሱ ዘንድ እንደተቀመጠ ነው የማውቀው። ገንዘቤን በምን መንገድ ላስገባ? ግብርስ ይጠየቅበታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ የምንዛሬው ነገር አይደለም፤ «ለጊዜው በስሜ ይሁን» የሚለው ነው። ከእሱ ልጀምር።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1195 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ካርታው በወንድምዎ ስም ከወጣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ከእርስዎ ላብ መምጣቱ መዝገቡ ላይ አይታይም። ወንድምዎን በክፉ እያነሣሁት አይደለም። ምናልባት እንዳለው ያደርግ ይሆናል። ነገር ግን ባለትዳር ከሆነ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ቤት የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ተበድሮ ሳይከፍል ቢቀር አበዳሪው ቤቱን ያሳግዳል። አያድርገውና ቢሞት ደግሞ ወራሾቹ ይቀርባሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እሱ ቃሉን አላጠፈም፤ እርስዎ ግን ከቤትዎ ውጭ ነዎት። እህት ከሟች ወንድሟ ሚስት ጋር ችሎት ፊት ስትካሰስ ማየት ያማል፤ በእጇ ያለው ማስረጃም ብዙ ጊዜ የስልክ ወሬ ብቻ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ውጭ አገር መሆንዎ ቤት በስምዎ ከመግዛት አይከለክልዎትም። ዱባይ ባለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ለወንድምዎ ውክልና ይስጡት፤ ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ይሠራበታል። ውክልናው ላይ ግን ይጠንቀቁ። የተዘጋጀው ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ከባንክ ሒሳቤ ገንዘብ እንዲያወጣ» የሚል ረጅም መስመር አለ። ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ያስሰርዙት። እርስዎ የሚፈልጉት «ፍኖተ ሰላም ከተማ ቤት በስሜ እንዲገዛ፣ የሽያጭ ውሉን እንዲፈርም፣ የስም ዝውውሩን እንዲያስፈጽም» የሚለውን ብቻ ነው። ዋጋውም ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ ይጻፍበት። ገንዘቡን ከእርስዎ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ በቀጥታ ያስተላልፉ፤ በማንም እጅ ባያልፍ ይሻላል። የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ያዛል። መንደር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት አይበቃም።

ወንድምዎ «ከከተማ ወጣ ብሎ ርካሽ መሬት አለ» ካለዎት ደግሞ እሺ አይበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገበሬውን የይዞታ ደብተር ይዘው ቢመጡ እንኳ ሽያጩ ሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ የከፈሉትን ማስመለስም ሌላ ሙግት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጥቁር ገበያ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ እርስዎ ድርሃሙን ዱባይ ላለ ሰው ይሰጣሉ፤ የማያውቁት ሌላ ሰው እዚህ ብሩን ወንድምዎ ሒሳብ ውስጥ ያስገባል። ድርሃሙ አገር ቤት አይደርስም፤ በስምዎ የሚወጣ ደረሰኝም የለም። ብሩን ያስገባው ሰው በምርመራ ላይ ያለ ከሆነ የወንድምዎ ሒሳብ አብሮ ሊታገድ ይችላል። ሕገ ወጥ የውጭ ምንዛሬ ዝውውር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 346 የሚያስቀጣ ነው። የዘጠኝ ዓመት ደመወዝዎን እዚህ ውስጥ እንዳይከቱት እለምንዎታለሁ።

ለጥቂት ብር ብልጫ ሲባልም አያስፈልግም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ ሆኖ ጥቁር ገበያው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው ነበር፤ ያኔ ሰው ቢፈተን አይገርምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምንዛሬ ዋጋ በገበያ ይወሰናል፤ ልዩነቱ እንደዚያ ዘመን አይደለም። እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ በሚልኩበት ቀን የሁለት ሦስቱን አነጻጽሩ።

የሚበጀው በራስዎ ስም የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ከፍተው ከዱባይ ባንክዎ በቀጥታ ማስተላለፍ ነው። እዚያው እያሉ የዳያስፖራ ሒሳብ በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ ማስከፈት ይችላሉ። ከገቡ በኋላም ቢሆን ከውጭ የመጣልዎትን ገንዘብ በውጭ ምንዛሬ ሒሳብ መያዝ ከ2016 ወዲህ ለአገር ውስጥ ነዋሪ ተፈቅዷል፤ ለውጭ ሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለጉዞ ሊከፍሉበት ይችላሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አይመንዝሩት፤ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይመንዝሩ። ባንኩ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ አይደንግጡ፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን በሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 780/2005 የመጣ ግዴታው ነው። የሥራ ውልዎና የደመወዝ ማስረጃዎ መልስ ይሆናሉ። በነገራችን ላይ የተቀማጭ ገንዘብ መድን (ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ የሚከፈል ዋስትና) ሽፋን በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ነው፤ ብዙ ብር የሚያስቀምጡ ከሆነ ከአንድ ባንክ በላይ ይጠቀሙ።

በጥሬው ይዞ መምጣትን አልመክርዎትም። ከኤምሬትስ ሲወጡ 60,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ቦሌ ሲደርሱም የያዙትን ለጉምሩክ አስመዝግበው ቅጹን ይያዙ፤ ባንክ ሲያስገቡ ይጠየቁበታል። ከአዲስ አበባ ብር በሻንጣ ይዞ አባይ በረሃን መሻገር ደግሞ ምን ያደርግልዎታል? አዲስ አበባ የከፈቱት ሒሳብ ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍም ይሠራል።

ግብሩ አጭር ነው። ያጠራቀሙት ገንዘብ የራስዎ ሀብት እንጂ አዲስ ገቢ አይደለም፤ ወደ አገር ስላስገቡት የገቢ ግብር አይጠየቁም። የሚከፈለው እዚህ ባንክ በሚታሰብልዎት ወለድ ላይ ነው፤ ባንኩ ራሱ ቀንሶ ያስቀራል።

ቀድሞ የላኩትን በተመለከተ፣ እርስዎ «አበድሬው ነው» ቢሉ እንኳ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ እንደሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ይናገራል፤ ምስክር ቆጥሮ ማስረዳት አይቻልም። ወንድምዎ «ለቤተሰብ መርጃ ነው የላከችው» ቢል ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ ፍቅራችሁ ሳይደፈርስ አሁኑኑ የሚታመኑ ሽማግሌዎች ባሉበት ይተሳሰቡ። «ከእህቴ በአደራ የተቀበልኩት ይህን ያህል ብር ነው፤ በጠየቀችኝ ጊዜ እመልሳለሁ» የሚል ወረቀት ይፈርም፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምስክር ቢሆኑ መልካም ነው። የላኩባቸውን ደረሰኞች ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ያሰባስቡ። ከውል የሚመነጭ መብት በአሥር ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ የመጀመሪያዎቹ መላኪያዎች ጊዜያቸው እየተቃረበ ነው።

አንድ ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድዎ ከመሰረዙ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ከተሰረዘ በኋላ የዱባይ ሒሳብዎን ማንቀሳቀስ ሊያስቸግርዎ ይችላል። ገንዘቡን አስተላልፈው፣ መድረሱን ከአገር ቤቱ ባንክ አረጋግጠው፣ የዘጠኝ ዓመቱን የሒሳብ መግለጫ ማኅተም አስመትተው ከተቀበሉ በኋላ ሒሳቡን ይዝጉ።