ፀጉር የዘጋው ቱቦ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጥምቀት ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ናቸው። ለበዓሉ የተሠራው ሹሩባ ተፈትቶ ሲታጠብ፣ ፀጉሩ ዞሮ ዞሮ የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ተመሳሳዮቹን ጨምቄ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

ከአዘዞ የጻፉልን እናት በየሳምንቱ ቅዳሜ የሦስት ሴት ልጆቻቸውን ፀጉር ያጥባሉ፤ ቅቤም ይቀባሉ። ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቶ አልወርድ ይላል፤ የፈላ ውሃ ሲደፉበት ይከፈትና በሳምንቱ ብሶበት ይዘጋል።

የፈላው ውሃ ፀጉሩን አልነካውም፤ ያቀለጠው ቅቤውን ብቻ ነው። ቅቤ በ35 ዲግሪ ግድም ስለሚቀልጥ ትኩሱን ውሃ ተከትሎ ይወርድና ቱቦው ወደሚቀዘቅዝበት ሲደርስ እንደገና ይረጋል። ስለዚህ እጅዎ የሚደርስበትን ችግር በየሳምንቱ እጅዎ ወደማይደርስበት እያወረዱት ነው። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ከ60 ዲግሪ በላይ ለማይመከር የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ብዙ ስለሆነ መገጣጠሚያው እየላላ ይሄዳል።

የወለሉን ማፍሰሻ ክዳን በካቻቢቴ አንሥተው የዳንቴል ኪሮሽ ይፈልጉ፤ በጎንደር ቤት ኪሮሽ መቼም አይጠፋም። ኪሮሹን የቱቦውን ግድግዳ አስታከው ያውርዱት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩትና ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡት። መጀመሪያ የሚታየው ጥቂት ፀጉር ነው፤ የቀረው ከእርሱ ጋር የተጠላለፈ ስለሆነ ድንገት ከጎተቱት ይበጠስና ዋናው እዚያው ይቀራል። ታግሠው ከሳቡት ግን ግራጫ፣ የሚያዳልጥ፣ የአይጥ ጅራት የመሰለ ነገር ክንድ በሚያህል ርዝመት ሲወጣ ያያሉ። ግራጫው የረጋ ሳሙናና ቅቤ እንጂ የፀጉሩ ቀለም አይደለም። ትኩስ ውሃ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም እጅ የሚችለው ያህል ብቻ ሞቆ፣ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ይሁን።

ለወደፊቱ ሹሩባው ሲፈታ ገና በደረቁ ያበጥሩት። አንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፤ ሹሩባ ደግሞ የረገፈውን ይዞ ስለሚያቆይ፣ ሁለት ሳምንት የከረመ ሹሩባ ሲፈታ ሺህ ያህል ፀጉር በአንዴ ይወርዳል። ይህ በማበጠሪያው ላይ ቢቀር ይሻላል። ማፍሰሻው ላይም ትንሽ ወንፊት ያኑሩበት።

አንድ ወጣት አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ መድፋት ይሠራ እንደሆነ ጠይቋል።

ይንተከተካል፣ አረፋ ያወጣል፤ ፀጉሩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። አቼቶውን ለሰላጣ አቆየው።

ማራኪ አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላቸው እኅት የማጠቢያው ሲፎን (ከሥሩ ያለው ጎባጣ ቱቦ) በየወሩ እየተዘጋ ስላስቸገራቸው፣ አንድ ደንበኛ በሃይላንድ ጠርሙስ ያመጣላቸውን የባትሪ አሲድ ሲደፉበት ቆይተዋል። አሁን አሲዱም ስላልሠራ ኮስቲክ ሶዳ ይጨምሩበት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይጨምሩ። ደብዳቤውን አንብቤ እንደጨረስኩ ልጽፍልዎ የፈለግሁት ይህንኑ አንድ ቃል ነበር። አሲድና ሶዳ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ በኃይል ይግላሉ፤ ፈሳሹም ወደ ላይ ይረጫል፤ ከላይ ያለው ደግሞ የእርስዎ ፊት ነው። በረኪናም ቢሆን ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ከዓመታት በፊት ቤቴ የመጣ አንድ ባለሙያ ምን እንደያዘ ሳይነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቀው፣ ጠርሙሱን ገለበጠው፤ ባለቤቴ ግን ጠዋት እዚያው ማፍሰሻ ላይ በረኪና ደፍታ ነበር። ሽታው ጉሮሮዬን አንቆኝ ግቢ ወጣሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አሳለኝ። ቱቦው እንደ ተዘጋ ነው ያደረው።

በእርግጥ ኮስቲክ ሶዳ ብቻውን ፀጉርን ያሟሟል፤ ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ እንደ ሶዳው ያለ ጠንካራ አልካላይ ይሰባብረዋል። ነገር ግን በእርስዎ ቤት ከሚታጠበው ፀጉር ምን ያህሉ የተፈጥሮ ነው? የሚቀጠለው ሰው ሠራሽ ፀጉር ፕሮቲን ሳይሆን የፕላስቲክ ዘር በመሆኑ ሶዳው እንደዚያ አይሰብረውም። ቅቤው በበኩሉ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ ውሃ ካነሰውም እዚያው ይደርቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዓይን ውስጥ ቢገባ የመጀመሪያው እርዳታ ሳያቋርጡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። የጎንደር ውሃ በተራ እንደሚመጣ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ቧንቧው ደረቅ በሆነበት ቀን አሲድ የሚከፍት ሰው ዓይኑን በምን ሊያጥብ ነው? ሕፃን ውሃ መስሎት ከዚያ ጠርሙስ ቢጠጣ ደግሞ አያስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ይደግመዋልና። አፉን በውሃ አጉመጥምጠው፣ ጠርሙሱን ይዘው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ያድርሱት። ዓይንም ከታጠበ በኋላ ሐኪም ሳያየው አይታደርም።

አሲድ ያልገባበት ሲፎን ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ባልዲ አኑረው በእጅዎ ይፍቱት፣ ፀጉሩን በወረንጦ ያውጡት፣ ጎሚኒውን ሳይጥሉ መልሰው ይግጠሙት እል ነበር፤ ፒንሳ እንኳ አያሻውም። ያንተ ያለህ! አሁን ግን እንዳይነኩት፤ ውስጡ የቆመው ውሃ ሳይሆን አሲድ ነውና። የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ፤ ገና ዕቃውን ሳያወርድ ምን እንደደፉበት፣ ስንት ጊዜና መቼ እንደሆነ ይንገሩት። ቢያፍሩም ይንገሩት። የተረፈውን ጠርሙስ ዛሬውኑ ለባትሪ ቤት ይመልሱ።

አንድ አባወራ ማፍሰሻው ውሃ ባይቋጥርም የእንግዳ መታጠቢያ ቤታቸው እንደሚሸት ጽፈዋል።

ሲፎኑ ደርቋል። በሲፎኑ ጉልበት ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ መቆም አለበት፤ የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው እርሱ ነው። በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ ያፍስሱበት።

ተከራይ የሆነች ተማሪ በግቢው አምስት ቤተሰብ እንዳለ፣ እርሷ ስትታጠብ ውሃው በጎረቤቷ ወለል እንደሚወጣ፣ አከራይዋም «ረጅም ፀጉር ያለሽ አንቺ ነሽ» ብለው የማስከፈቻውን ገንዘብ ከእርሷ ብቻ እንደጠየቋት ትገልጻለች።

አንድ ማፍሰሻ ብቻ ሲዘጋ ችግሩ ቅርብ ነው፤ ሁለት ቤት ላይ ከታየ ግን የጋራው ቱቦ ነው፤ ለእርሱም ኪሮሽ አይደርስም፤ በማንሆሉ በኩል ረጅም የሞላ ሽቦ የሚያስገባ ባለሙያ ያስፈልጋል። በጋራ ቱቦ ውስጥ የአንቺን ፀጉር ከሌላው ለይቶ የሚያወጣ ሽቦ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። የሚወጣው እኮ የአምስቱም ቤት ቅባት፣ የሻይ ቅጠልና ጨርቅ ነው። ማንሆሉ ሲከፈት አከራይሽ ቆመው እንዲያዩ ለምኚያቸው። ስለ ክፍያው ውልሽን ተመልከቺ፤ ካልተስማማችሁ የሕግ ባለሙያ ጠይቂ።

ባልና ሚስት አንድ ላይ ጽፈው ቱቦውን የዘጋው የእርሷ ፀጉር ነው ወይስ የእርሱ ጢም ብለዋል።

ሁለቱም ነው፤ ረጅሙ መረብ ይሠራል፣ አጭሩ መረቡን ይሞላል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከቱቦ ያወጡትን ፀጉር ሽንት ቤት ውስጥ ጥለው ውሃ ይልቀቁበት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ እናታቸው ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም ብለው ስላሳደጓቸው ነው።

ሽንት ቤቱም ቱቦ አለው። በፌስታል ቋጥረው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ እናትዎም ቅር አይላቸውም።